ማስጠንቀቂያው በር ድረስ ይሂድ፦ የገጠር አረጋውያንና የአየር ጠባይ፣ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጋራ ዕቅዱን ረቂቅ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ማስገባት አለብን። እስካሁን የተያዘው ማራገቢያ ማደል፣ ፖስተር መለጠፍና በሬዲዮ ማስነገር ነው። ሳትሸፋፍኑ ተቹት።

ነርሷ፦
በግልጽ ልናገር፣ ማራገቢያው ይቅር። ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ የሚያመጣው ትኩስ አየር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚያ በታች ሲሆን ብቻ ተጠቀሙ ይላል። መብራት በሌለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ ምን ሊሠራ?

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሰው ሲያረጅ ላቡ ይቀንሳል፣ ጥማቱም ይደክማል። ሰውነቱ ውሃ እያለቀበት «አልጠማኝም» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፣ አልጠማውም። መድኃኒቱ ደግሞ አለ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሽንት የሚያበዛ ክኒን ውሃና ጨው ያስወጣል፣ አንዳንዱ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላብን ይቀንሳል። ይህን ሰምቶ ግን ማንም በራሱ መድኃኒት እንዳያቆም! ሙቀቱ ሳይመጣ ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው። «ውሃ በብዛት ጠጡ» የሚል ፖስተርም ያሰጋኛል፤ ልባቸው የደከመ፣ ሐኪም የሚጠጡትን ውሃ የወሰነባቸው ሰዎች አሉ።

ገበሬው አባል፦
እህቴ፣ የተናገርሽው የአጎቴን ነገር ነው። «ጠዋት የጀመርኩትን ልጨርስ» ብሎ በቀትር እርሻ ላይ ዋለ። ማታ ሲገባ ንግግሩ ተምታታ፣ የልጅ ልጆቹን ስም አቀያየረ። እኛ እርጅና ነው ብለን አስተኛነው። ጠዋት እኮ ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ነው የወጣው! ተረፈ፣ ኩላሊቱ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ዛሬም ይቆጨኛል። እባካችሁ ይህ በትልቁ ይጻፍ።

ነርሷ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ብዙ ቤት የሚሆነው እንደዚያ ነው። በሙቀት ቀን በድንገት ግራ የተጋባ ሰው ሙቀት መትቶት ሊሆን ስለሚችል አጣዳፊ ነው። ወደ ጥላ መውሰድ፣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብ፣ በዚያው ቅጽበት መኪና መጥራት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 15,000 ሰው በሙቀት ሞተ፣ አብዛኞቹ አረጋውያን። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ቺካጎ ላይ ከ700 በላይ ሰው በሙቀት ሲሞት፣ ይበልጥ የተጎዱት ብቻቸውን የሚኖሩና ከቤት የማይወጡት እንደነበሩ በኋላ ታይቷል። ጎረቤት ተጠጋግቶ በሚኖርበት ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ ቤትና ቤት በተራራቀበት ገጠርስ?

ሙቀት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የካሪቢያኗን ደሴት ፖርቶ ሪኮን የመታው ማሪያ አውሎ ነፋስ መጀመሪያ 64 ሰው ገደለ ተባለ፤ በኋላ መንግሥት የተቀበለው ቁጥር 2,975 ነው። መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ለወራት ጠፋ፣ በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሰው፣ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት ኢንሱሊን ያለው ሰው ምን ይሁን? ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚፈሩት። ስለዚህ ፖስተሩን ትተን በር የሚያንኳኳ ሰው እናዘጋጅ።

ሒሳብ ያዡ፦
ጋሼ፣ በሐሳብዎ እስማማለሁ፣ ግን ማን ነው የሚሄደው? በጎ ፈቃደኛ እንላለን፣ ሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። የማራገቢያው ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለስልክ ካርድ ይዙር። አንድ ሰው ከአምስት ቤት በላይ አይያዝ።

ገበሬው አባል፦
ደግፌአለሁ። ቅዝቃዜውም አይረሳ። እኛ ጋ ሰው የሚታመመው በረዶው በጣለ ማግስት ሳይሆን ቀናት ቆይቶ ነው።

ነርሷ፦
ልክ ነህ። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል፤ የልብና የሳንባ ሕመሙ ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን ይገድላል፣ ጭሱ ባይታይም። በር የሚያንኳኳው ጎብኚ ይህንንም ይመልከት።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስም፣ መድኃኒታቸውና የቅርብ ሰው ስልክ ቀድሞ ይመዘገባል፤ መዝገቡን የሚያየው ጎብኚውና ነርሷ ብቻ ናቸው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደም አይጻፍም። የሙቀት ወይም የብርድ ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ጉብኝት አለ፣ ካለፈም በኋላ ለአንድ ሳምንት ይቀጥላል። ጎርፍ መንገድ ከመቁረጡ በፊት መድኃኒት ቀድሞ ይወሰድላቸዋል። ሬዲዮው ይቆያል፣ ማራገቢያው ወጥቷል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ደህና ነኝ፣ አትምጡብኝ» የሚሉ አሉ። እነሱን ምን እናድርግ?

ጡረተኛው መምህር፦
እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ ልጄ። «ልናይዎት መጣን» ካላችሁኝ በሩን እዘጋለሁ። «ጋሼ፣ ከጎንዎ ያሉትን እትዬን ይዩልን» ብትሉኝ ግን በቀን ሁለቴ እሄዳለሁ፣ እግረ መንገዴንም ታዩኛላችሁ።

ጸሐፊዋ፦
ገብቷል፣ አሁን እየጻፍኩት ነው። እርስዎን ለየትኛው ቤት ልመዝግብ?