አሜሪካኖችን ሶማሊያ መግባታቸው ነው ሩዋንዳ መቅረታቸው የሚያስወቅሳቸው?

ሻይ በሎሚ፦
ትናንት ምሳ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ልንጣላ ትንሽ ነው የቀረን። እሱ «የአሜሪካ ጦር የረገጠው አገር አይድንም» ይላል። ኢራቅን ይቆጥራል፣ ሊቢያን ይቆጥራል። ሳይረግጥ የቀረውንስ አገር ምን ልንለው ነው? አልኩት። በ1992 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ወደ 25 ሺህ ወታደር ሶማሊያ ላኩ። በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ በመቶ ቀን 800 ሺህ ገደማ ሰው ሲታረድ ግን እልቂቱን ለማስቆም አንድም አልላኩም። የቱ ይብሳል? ስድብ ይቅርና በምክንያት እናውራ።

እቴጌ፦
ይሄ ምን ያከራክራል? ጥቅም ካለ ይገባሉ፣ ከሌለ አይገቡም። አለቀ።

ሻይ በሎሚ፦
ረሃብ በፈጃት የሶማሊያ ከተማ ባይዶዋ ላይ ምን ጥቅም ነበር እህቴ? የእርዳታ እህሉ ወደብ ደርሶ፣ ታጣቂው እየዘረፈው ነው ሕፃን ያለቀው።

የጅግጅጋ ልጅ፦
ስለ ሶማሊያ ስታወሩማ ዝም አልልም። አጎቴ ያኔ ሞቃዲሾ ነበር። ስንዴው ደርሷል፣ መንገዱም ተከፍቷል። ይሄን የሚክድ ዋሽቷል። የተበላሸው በኋላ ነው። ጁን 1993 ላይ 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ስንዴው ተረሳና ሥራው ሁሉ የታጣቂዎቹን መሪ አይዲድን ማደን ሆነ። የተመድ ልዑክ ሆኖ የተቀመጠው ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ አድሚራል ነበር። አይዲድን ለሚያስይዝ 25 ሺህ ዶላር ቆረጠ።

ጁላይ 12 የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች አንድ ቤት ላይ ሚሳኤል አዘነቡ። ውስጥ የጎሳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። እኛ ዘንድ የሚባለው ስለ ሰላም ሊመክሩ ነው። ቀይ መስቀል 54 ሰው ሞተ አለ፤ አሜሪካኖቹ 20 አሉ። የተቆጣው ሕዝብ በዚያው ቀን አራት የውጭ ጋዜጠኞችን ገደለ። እሱም ነውር ነው፣ አልሸፋፍነውም። ግን ስለዚያ ቀን የሰማ ስንት ሰው አለ? ሁሉም የሚያውቀው ኦክቶበርን ነው፤ የወደቁ ሁለት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች፣ የሞቱ 18 የአሜሪካ ወታደሮች። እዚያው ውጊያ ላይ የሞቱት ሶማሌዎች ግን እስከ ዛሬ «በመቶዎች የሚቆጠሩ» ናቸው። በትክክል የቆጠራቸው የለም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አይዲድ አዲስ አበባ ለድርድር መጣ። በምን? በአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን! መነጋገር የሚቻል ከነበረ ያ ሁሉ ሰው በምን ዕዳው አለቀ?

ሻይ በሎሚ፦
የአውሮፕላኗን ነገር አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር፦
ልጆች፣ እኔ ቨርጂኒያ ታክሲ እየነዳሁ ለዚህ ጦር ግብር እከፍላለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ይመለከተኛል። የእኔን ሕሊና የሚበላው ሩዋንዳ ነው። ኤፕሪል 21 ቀን 1994፣ ሰው በገጀራ እየታረደ፣ የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን 2,500 ሰላም አስከባሪ ወደ 270 ቀነሰው። አሜሪካም እጇን አውጥታ ደግፋለች። ጁን ላይ የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይዋ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ትላለች እንጂ «የዘር ማጥፋት» ማለት ተናነቃት። አንድ ጋዜጠኛ ስንት ድርጊት ሲጠራቀም ነው ዘር ማጥፋት የሚባለው ብሎ ጠየቃት። መልስ አልነበራትም። ቃሉን ከጠሩት እልቂቱን የማስቆም ግዴታ ይመጣላ! ክሊንተን በ1998 ኪጋሊ ሄዶ ሲጸጸት ከኤርፖርቱ ግቢ እንኳ አልወጣም።

የጅግጅጋ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሩዋንዳን ያስቀረባቸው እኮ ሞቃዲሾ ነው። ስንዴውን አድርሰው፣ አደኑን ትተው ቢወጡ ኖሮ በስድስት ወር ውስጥ ያን ያህል አፍሪካን አይፈሩም ነበር። ሁለቱን ኃጢአት ለይታችሁ አትመዝኑ።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን ፍርሃት ሰበብ አይሆንም። አቅሙ ነበራቸው።

እቴጌ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቅም ስላለው ብቻ ማን ዳኛ አደረገው? ነገ ኢራቅ ሲገባም «አቅም አለኝ» ነው የሚለው። በ2003 ኢራቅ አላት ያሉት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የታል? አልተገኘም። ደግሞ እኛም ንጹሕ አንምሰል። ከ2011 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከአርባ ምንጭ ኤርፖርት የሚነሱት የአሜሪካ ድሮኖች ሶማሊያ ላይ ነበር የሚያንዣብቡት። ያልታጠቁ ናቸው፣ ለቅኝት ብቻ ነው ተባልን። ማናችን ጠየቅን?

ሻይ በሎሚ፦
እሺ፣ ኤፕሪል 1994 ኪጋሊ ጣሪያ ሥር ተደብቀሽ ቢሆንስ? «ማን ዳኛ አደረጋችሁ» ትያቸው ነበር?

እቴጌ፦
አልልም። ያኔማ ሰይጣንም ቢመጣ በሩን እከፍትለታለሁ። ጁላይ 12 ሞቃዲሾ ብሆን ደግሞ ሄሊኮፕተር ስሰማ አልጋ ሥር ነው የምገባው።

የጅግጅጋ ልጅ፦
አልጋ ምን ያደርግልሻል? በሚሳኤል እኮ ነው የመቱት። ደረጃውን ነው መጀመሪያ ያፈረሱት ይላል አጎቴ፣ ሰው እንዳይወርድ።