የምሽት ሥራውን ልቀበል ወይስ ልተው?

ጠያቂ፦ እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ መጠጥ ቤት በገንዘብ ተቀባይነት እንድሠራ ተጠይቄአለሁ፤ ደመወዙ መልካም ቢሆንም ሥራው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚቆይ፣ እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ማስቀደሴ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ አስቀድመህ የንስሐ አባትህን አማክር። ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ላለመብላት በልቡ ቢቆርጥም ከሹሙ ጋር አልተጣላም፤ 10 ቀን በጥራጥሬና በውኃ እንዲፈትነው ለመነው እንጂ። አንተም የቅዳሜ ምሽትን ነጻ እንዲያደርጉልህ በትሕትና ጠይቅ።

መልስ 2፦ እንዲህ ባለ ቤት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የቀረብኝ ቅዳሴው ሳይሆን (ይህን ማንም አልነገረኝም) የማታ ጸሎቴ ነበር፤ መጽሐፉ ከትራሴ ሥር ሳይገለጥ ሰነበተ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜን ከከለከሉኝ እተወዋለሁ።