ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ ከመኪና ይነሣ? የድሬዳዋና የሐረር አሽከርካሪዎች ክርክር

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል የሚሠሩ የሚኒባስ ባለንብረቶች በመከሩበት ስብሰባ፣ አሽከርካሪዎች ማግኔት ያለውን የስልክ መያዣ በሙሉ ከመኪናቸው እንዲያነሡ፣ ስልካቸውንም በፊት መስታወቱ ላይ ከስፖኪዮው ሥር በሚለጠፍ ባለመቆንጠጫ መያዣ ብቻ እንዲያስቀምጡ፣ ይህን ያላደረገም እንዲቀጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አቅራቢዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ማግኔት ኔትወርክን ያዳክማል፣ በዚህም የተነሣ መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ሲደወል «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» የሚለው መልእክት ብቻ ይሰማል የሚል ነው። ውሳኔው ገና ስላልጸደቀ የሚደግፍም የሚቃወምም ምክንያቱን ያስረዳ።

የሚኒባስ አሽከርካሪ፣ ሐረር፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። ስልኬን ማግኔቱ ላይ ሳስቀምጠው የኔትወርኩ ምልክት ዝቅ ይላል፤ አንሥቼ ስይዘው ደግሞ ከፍ ይላል። ከአወዳይ እስከ ሐረማያ ባለው መንገድ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ግን ኔትወርኩ ጭራሽ ይጠፋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ መኪና ቢበላሽ ለባለንብረቱም ለመካኒኩም መደወል የግድ ነው፤ ተሳፋሪም የሚጠብቀው ቤተሰብ አለው። ማግኔት ብረትን የሚስብ ኃይል ካለው አንቴናን ይረብሻል መባሉ አያስገርመኝም። ቅጣት ካልተጨመረበት ደግሞ ማንም አያነሣውም።

ስልክ ጠጋኝ፣ ድሬዳዋ፦
ወንድሜ፣ ያየኸው ለውጥ እውነት ነው፤ ጥፋቱ የተጫነው ግን በማይመለከተው ነገር ላይ ነው። ቋሚ ማግኔት የሬዲዮ ሞገድን አይስብም፣ አያግድምም። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የወጡት አይፎን 12ና አብዛኞቹ ተከታዮቹ ከጀርባቸው ውስጥ የማግኔት ቀለበት ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ማግኔት ኔትወርክን የሚገድል ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ባልሠሩ ነበር። ሞገዱን የሚያውከው ከማግኔቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ብረት ነው፤ ማለትም ከስልኩ ጀርባ የምንለጥፈው ስስ የብረት ሳህንና የመያዣው የራሱ የብረት አካል።

ስልክ ስከፍት የማየውን ላስረዳ። በአብዛኞቹ ስልኮች ዋናው የኔትወርክ አንቴና የሚገኘው ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት አካባቢ ነው፤ ስልኩ ጆሮ ላይ ሲደረግ አንቴናው ከጭንቅላት እንዲርቅ ታስቦ የተደረገ ነው። የድምፅ ማጉያውን በሸፈነው ፕላስቲክ ላይ እንደ ቀለም የተቀባ ስስ የብረት መስመር ይታያል፤ ከቦርዱ የሚነሡ ወርቅማ ጥቃቅን ሞላዎች እሱን ሲነኩ አንቴናው ይገናኛል። ሞላዋ በትንሹ እንኳ ከተጣመመች ስልኩ ደኅና እየመሰለ ኔትወርክ ያጣል። ሌላ ረዳት አንቴና ከላይ አለ፤ የጂፒኤስና የዋይፋይ አንቴናዎችም ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በላይኛው ጫፍ ነው። አካላቸው ብረት በሆኑ ስልኮች ጠርዙን የሚያቋርጡት ቀጫጭን የፕላስቲክ መስመሮችም ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ብረቱን ከፋፍለው ጠርዙን ራሱን አንቴና የሚያደርጉ ክፍተቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አይፎን 4 በግራ ጎኑ ታችኛው ክፍል ያለው ክፍተት በእጅ ሲሸፈን ኔትወርኩ ይወርድ ስለነበር አፕል ለገዢዎች በነጻ ከቨር እስከ ማደል ደርሶ ነበር። በዚያ ስልክ ላይ ችግሩን ለመፍጠር የሰው እጅ ብቻ በቂ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ሳህኑ የት ተለጠፈ የሚለው ነው። መሃል ላይ፣ ከባትሪው በላይ ከተለጠፈ፣ ባትሪው ራሱ በብረት የተሸፈነ ስለሆነ የሚጨምረው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረግን ግን ያግዳል፣ ሊሞቅም ይችላል። ሳህኑ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች ወይም ወደ ላይኛው ጫፍ ከወረደ ወይም ከወጣ አንቴናውን ከተሠራለት ሞገድ ያስታል፤ ምልክቱም ይወርዳል። ስብሰባው በምትኩ ያቀረበው ባለመቆንጠጫ መያዣም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። ብዙዎቹ ስልኩን ከታች የሚደግፉት በብረት እግር ነው፤ ያ እግር የሚያርፈው ልክ ዋናው አንቴና ባለበት ላይ ነው። ማግኔቱን አስነሥተን ብረቱን አንቴናው ላይ ብናሳርፍ ምን አተረፍን?

የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ሳቢያን (ድሬዳዋ)፦
ውሳኔው ወደ እኛም ይመጣል የሚል ሥጋት ስላለ አስቀድሜ ልናገር። ባጃጅ ጣሪያው ሸራ፣ ጎኑ ክፍት ነው፤ ስልኩ የትም ቢቀመጥ ሞገዱ ይደርሰዋል። ለእኛ የሚከፋው ንዝረቱ ነው። ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ መሪው ላይ የታሰረ ስልክ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 አፕል ከሞተር ብስክሌት የሚመጣ ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ ለትንንሽ ሞተሮችም ንዝረት የሚቀንስ መያዣ እንዲጠቀሙ መክሯል። ማግኔትም ይህንኑ የካሜራ ክፍል ሊያውክ ይችላል። እንግዲህ ማግኔትን መቃወም የሚፈልግ ሰው በኔትወርክ ሳይሆን በካሜራ ይክሰሰው።

የጭነት መኪና አሽከርካሪ፣ ድሬዳዋ፦
ከስፖኪዮው ሥር ይለጠፍ የሚለውን ነጥብ በጽኑ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው እይታ ነው። እግረኛና በግ በድንገት በሚገባበት መንገድ ላይ የመስታወቱን መሃል በስልክ መሸፈን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹ የሚሠሩበትን የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ብሎ ወስኖታል፤ ድሬዳዋ ከግንቦት ጀምሮ ባሉት ወራት ጥላ ሥር እንኳ ወደዚያ የምትደርስ ከተማ ናት። መስታወት ላይ በፀሐይ ፊት ለፊት፣ ካርታ ከፍቶ፣ ቻርጀር ተሰክቶበት የሚውል ስልክ ምን ያህል እንደሚግል መገመት አያዳግትም። ስልክ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ የሬዲዮውንም ኃይል ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ እንደሚዳከም አምራቹ ራሱ ጽፏል። እኛ ማግኔቱን ስንወቅስ ስልኩን እያዳከመው ያለው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ከክሩስኮቱ ጎን፣ የአየር ማውጫው አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ይሻላል።

የፊዚክስ መምህር፣ ሐረር፦
የመኪናውን አካል ማንም ስላላነሣው በእርሱ ልጀምር። የሚኒባስ ጣሪያና ጎን ላሜራ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ላሜራን አያልፍም፤ የሚገባው በመስኮት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ኔትወርክ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ1800 የሚሠራው ደግሞ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በሰፋው መስኮት እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህ በር ኪስ ውስጥ ወይም ከመቀመጫው ሥር፣ ማለትም በላሜራ ተከቦ፣ የተጣለ ስልክ በማግኔት ተይዞ መስታወት አጠገብ ከተቀመጠው ስልክ የባሰ ደካማ ምልክት ይቀበላል። ፀሐይን ለመከላከል መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ላስቲክ ብረት የተቀላቀለበት ዓይነት ከሆነም ሞገዱን ይመልሳል። ከፋብሪካው ሙቀት የሚመልስ ስስ የብረት ሽፋን ያለባቸው የፊት መስታወቶችም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሽፋኑን ከስፖኪዮው አጠገብ ባለ ትንሽ ቦታ ላይ ያስቀሩታል። ስለዚህ ከስፖኪዮው ሥር ይሁን ያሉት ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ምክንያት አላቸው፤ በእኛ መስመር በብዛት ለሚሠሩት አሮጌ ሚኒባሶች ግን ምክንያቱ አይጸናም።

ኔትወርክና ጂፒኤስም ተቀላቅለውብናል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞራሉ፤ ምልክታቸው እጅግ ደካማ ሆኖ ከሰማይ ይመጣል፤ ስለዚህ ስልኩ ሰማይ ማየት አለበት። የኔትወርክ ሞገድ ግን ከማማ ወደ ጎን ይመጣል። ካርታው ሲሳሳት «ኔትወርክ የለም» ማለት፣ ጥሪ ሲቋረጥም «ጂፒኤሱ አልያዘም» ማለት ልክ አይደለም፤ ካርታው አስቀድሞ ከወረደ ጂፒኤስ ያለ ምንም ኔትወርክ ይሠራል። ማግኔት በእውነት የሚያሳስተው የስልኩን ኮምፓስ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ በካርታው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢዞር ምክንያቱ ያ ነው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ አቅጣጫው ከጉዞው ራሱ ስለሚሰላ ይስተካከላል።

ደንገጎን በሚመለከት፣ መንገዱ ድሬዳዋ ካለችበት 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ የሚወጣ ጥምዝምዝ ነው። ኩርባውን ስንታጠፍ በእኛና በማማው መካከል ተራራው ይገባል። ተራራን የሚያሻግር መያዣ አልተፈበረከም። ስልኩ በዚያ ቦታ የሚጠፋው በማግኔት ላይ ስለተቀመጠ ሳይሆን ቦታው በቂ ሽፋን ስለሌለው ከሆነ፣ አሽከርካሪን መቅጣት ችግሩን አይነካውም።

የሚኒባስ አሽከርካሪ፣ ሐረር፦
መምህር፣ ተራራው ተራራ ነው፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን አጠገቤ የተቀመጠ ተሳፋሪ እያወራ የእኔ ስልክ ዝም ሲል ተራራው ለሁለታችንም አንድ አይደለም ወይ? በሜዳውም ላይ ከመያዣው ሳነሣው የኔትወርክ ምልክቱ መስመር የሚጨምረውን ምን ትለዋለህ?

ስልክ ጠጋኝ፣ ድሬዳዋ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። የተሳፋሪው ሲም ያንተ ሲም ከሆነበት ኩባንያ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን በኢትዮጵያ ሲጀምር ቀድሞ የከፈተው በድሬዳዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ሁለት ኔትወርክ አለ፤ የአንዱ ማማ የሚደርስበት ቦታ ሌላው ላይደርስ፣ ሌላው የሚደርስበትም አንዱ ላይደርስ ይችላል። ሁለቱ ስልኮች የሚወዳደሩት ሲሙ የአንድ ኩባንያ፣ ስልኩም አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

መስመሩን በተመለከተ፣ የምልክት መስመር መለኪያ አይደለም። አንድ መስመር ስንት ኃይል እንደሆነ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ይወስናል፤ የሚለወጠውም ዘግይቶ ነው። ትክክለኛው መለኪያ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ስለ ሲም ሁኔታ በሚያሳየው ገጽ ላይ ዲቢኤም (dBm) በሚባል የምልክት ኃይል መለኪያ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፤ በ10 ሲወርድ የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል ማለት ነው፣ በ3 ሲወርድ ደግሞ ወደ ግማሽ። መኪናውን በአንድ ቦታ አቁም፤ ስልኩን መያዣው ላይ አድርገህ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቀህ አንብብ፤ ሳህኑን ከጀርባው አንሥተህ በዚያው ቦታ በወረቀት ደግፈህ እንደገና አንብብ። በእጅህ አትያዘው፤ እጅም አንቴናን ያውካል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሳህኑን ወደ ባትሪው መሃል አዛውረው። ይህ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በላይ ጊዜ አይወስድም።

ገበያ ላይ ኔትወርክ ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠውን ወርቅማ ስቲከር ግን ማንም እንዳይገዛ አጥብቄ እለምናለሁ። ከአንቴናው ጋር በምንም አልተገናኘም፤ ብረት ከሆነም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። አንዳንድ የዱሮ ስልኮች ከጀርባቸው የውጭ አንቴና ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ስለነበራቸው መያዣቸው ከጣሪያው አንቴና ጋር ያገናኛቸው ነበር፤ የዛሬዎቹ ያ ቀዳዳ የላቸውም።

የሚኒባስ ባለንብረት፣ ድሬዳዋ፦
እኔ ከባለንብረቶቹ ወገን ነኝ፤ ሐሳቡ ሲቀርብም በስብሰባው ላይ ነበርኩ። አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር በሕግ የተከለከለ መሆኑን እያወቅን፣ ሾፌሩ ደንገጎን ሲወርድ ለምንደውልለት ጥሪ መልስ አልሰጠም ብለን ልንቀጣው ነው? መያዣው የትም ይቀመጥ የት፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሾፌሩ ዓይን ከመንገዱ መነሣት የለበትም። ልጄ ያን መኪና ቢነዳ የምመኘው ስልኩ ዝም እንዲል ነው። ጥሪው ለረዳቱ ይሂድ፤ ረዳቱ በሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ስለሚቀመጥ መምህሩ እንዳሉት ሞገዱም በደንብ ይደርሰዋል። ቅጣት የሚለው ሐረግ ከሰነዱ ይውጣ።

የፊዚክስ መምህር፣ ሐረር፦
እህቴ ባሉት እስማማለሁ፤ ለኔትወርክ አቅራቢዎቹ የሚጻፍ ደብዳቤም እንዲታከልበት እጠይቃለሁ። ደብዳቤው «ደንገጎ ላይ ኔትወርክ የለም» የሚል ብቻ ከሆነ ማንም አይሠራበትም። ስልኩ ኔትወርክ ያጣበት ቦታ ከጂፒኤሱ የተቀዳ መገኛ፣ ሰዓቱ፣ የተሳፈሩበት አቅጣጫ፣ ሲሙ የማን እንደሆነ፣ የዲቢኤም ቁጥሩና ስልኩ በዚያ ጊዜ በ2ጂ፣ በ3ጂ ወይም በ4ጂ ላይ እንደነበረ መጻፍ አለበት። የሚመዘግበውም ረዳቱ ወይም ተሳፋሪ እንጂ ሾፌሩ አይሁን።

የሚኒባስ አሽከርካሪ፣ ሐረር፦
ሳህኑ ከባትሪው ላይ ይለጠፍ፣ መያዣው እይታ አይሸፍን፣ ፀሐይ አይምታው የሚሉት ሦስቱ በመመሪያ መልክ ቢጻፉ አልቃወምም። ጥሪው ለረዳቱ ይሂድ የሚለው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ረዳቶች ብዙ ጊዜ ይቀያየራሉ፤ ዛሬ የተሰጠው ቁጥር ነገ ሌላ መኪና ላይ ይሆናል። ስለዚህ ባለንብረቱ ለመኪናው የሚሆን ስልክና ሲም ይግዛ፤ ቁጥሩ የሰው ሳይሆን የመኪናው ይሁን፤ የካርዱንም ወጪ ባለንብረቱ ይቻል። ይህ በሰነዱ ካልገባ እኔ በድጋፍ ድምፅ አልሰጥም።