ዘርና ፖለቲካ፦ ለብቻው ይቁም ወይስ ይቀላቀል?

አወያይ፦ ሰላም ለግሩፑ። የዛሬው ጥያቄ እዚህ አሜሪካ ፖለቲካል ሳይንስ ከሚማር ልጃችን የመጣ ነው። ዲፓርትመንቱ ውስጥ «ዘርና ፖለቲካ» ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። እንዲህ መሆኑ ልክ ነው ወይስ ከዋናው የአሜሪካ ፖለቲካ ትምህርት ጋር ይቀላቀል? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ ይሁን። «ዘር» ስንል ደግሞ ብሔር ማለታችን አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ የሚሉትን ነው። ወደ አገር ቤት ፖለቲካ የገባ ይወጣል።

የድሮ ተማሪ፦ ይቀላቀል። የአሜሪካን ሴኔት ያለ ዘር እንዴት ታስረዳለህ? የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ለማክሸፍ የደቡብ ሴናተሮች ከሁለት ወር በላይ እየተፈራረቁ ንግግር ሲያስረዝሙ ቆይተዋል። ይህ የጥቁሮች ታሪክ ብቻ አይደለም። ሴኔቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። ለብቻው ስታስቀምጠው ሌላው ተማሪ ዞር ብሎም አያየው።

የዲሲዋ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን ቀላቃዩ ማን ነው? የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1903 ነው። ከቀደምት ፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ውድሮው ዊልሰን ነበር። አዎ፣ ያው ዊልሰን፤ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን በእሱ መንግሥት የፌደራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በቆዳ ቀለም ተለያይተዋል። ራልፍ በንች በ1934 ከሃርቫርድ በዚህ ሙያ ዶክትሬት ሲያገኝ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ነበር። እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጣዩ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሉሺየስ ባርከር ነው፤ እሱ እስኪመጣ 40 ዓመት ገደማ አለፈ! ጥቁር ምሁራኑ በ1969 የራሳቸውን ጉባኤ ያቋቋሙት ወደው መሰለዎት?

የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ የማይክል ዳውሰን የ1994 ሥራም አለ። መካከለኛ ገቢ ያለው ጥቁር ከድሃው ጋር ለምን አንድ ላይ ይመርጣል? መልሱ «የተሳሰረ ዕጣ» ነው። የወገኔ ዕጣ የእኔም ነው ብሎ ስለሚያስብ ለወገኑ የሚበጀውን አይቶ ለራሱ ይወስናል። ይህ የሚለካው «በወገንህ ላይ የሚደርሰው አንተንም ይነካሃል?» በሚል መጠይቅ ነው። ኪስን ብቻ ሲያይ የኖረው ዋናው ትምህርት ይህን አላየውም ነበር።

የማታ ሹፌር፦ እኔ ምሁር አይደለሁም። ይሄ የተሳሰረ ዕጣ ያልሽው እኛንም ይጨምራል? በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሥር በምሳሌነት ኢትዮጵያዊ ተጽፏል። እኔ ሐበሻ ነኝ እላለሁ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ጥቁር ነኝ ትላለች። ራት ላይ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው። ግን ፖሊስ ሲያስቆመኝ ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ አያውቅም።

የዲሲዋ፦ ልጅዎ ለዳውሰን መጠይቅ ጥሩ መላሽ ናት :)

የድሮ ተማሪ፦ ስለ በንች ተረትቻለሁ። ዳውሰን ላይ ግን አልለቅም። ሐሳቡ የተወለደው ከባርነትና ከመድልዎ ታሪክ ነው። ያንኑ መጠይቅ ለላቲኖና ለእስያውያን ሲያቀርቡት ከእነሱም ብዙዎቹ «አዎ» ይላሉ። ታዲያ የሚለካው ምኑን ነው? ለብቻ የተቀመጠ ዘርፍ እርስ በርሱ ይጨባጨባል። ማን ይፈትነዋል?

የዲሲዋ፦ ይህን ጥያቄ አንስተው የተከራከሩት እኮ እዚያው ዘርፍ ውስጥ ያሉት ናቸው፣ ጋሼ። ዋናው ትምህርት የራሱን ግምት እንዲህ ቢፈትን ጥሩ ነበር።

የድሮ ተማሪ፦ እሺ፣ ለብቻው ይቁም። ግን ሁሉም ተማሪ ግዴታ ይውሰደው። እዚህ ላይ እንኳን ተስማሚ።

የዲሲዋ፦ እዚህ ላይማ ፊርማዬን አኖራለሁ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ ልመዘገብ ሄጄ ነበር። ኮርሱን መውሰድ ትችላለህ አሉኝ። ግን «የአሜሪካ ፖለቲካ» ለሚለው ግዴታ አይቆጠርልህም ተባልኩ።