የመጽሐፍ ኖርዌጂኛ ይዤ ትሮንድሄም ገባሁ፤ ምን ይሻለኛል?

የጉለሌዋ_ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ እዚህ ስለሚኖር በቤተሰብ ጉዳይ ነው የመጣሁት። አገር ቤት ነርስ ነበርኩ። እዚህ ኖርዌይ የነርስነት ፈቃድ ለማግኘት የኖርዌጂኛ ፈተና እስከ ቢ2 ደረጃ ማለፍ አለብኝ። ከዚያ የመድኃኒት አያያዝ ኮርስና የሙያ ፈተናው ይጠብቀኛል። እስካሁን ከሱ በታች ያለውን ቢ1 ይዣለሁ። ለጊዜው አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቋሚ ነኝ፤ በሌላው ቀን ሰው ሲጎድል ይደውሉልኛል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ክፍል ውስጥ የተማርኩት ቡክሞል ነው፣ ከሁለቱ የኖርዌጂኛ የጽሑፍ ዓይነቶች በብዛት የሚጻፍበት። መምህራችን ቃሉን አንድ በአንድ ለቅማ ነበር የምታወራው። ሥራ ቦታ ስገባ ግን ሌላ አገር የሄድኩ ያህል ነው። ጠዋት ርክክብ ላይ የሌሊቷ ተረኛ ቡናዋን ፉት እያለች የሁሉንም ወሬ ትዘረግፈዋለች። ማን እንዳልተኛ፣ ማን እራቱን እንደተወ፣ ማን ክኒኑን እንደተፋ። እኔ የምይዘው ስማቸውን ብቻ ነው። “ያይ” ብዬ የተማርኩትን “እኔ” እነሱ “ኤ” ይሉታል። “አይደለም” ለማለት የተማርኩት “ኢከ” ቀርቶ “ኢች” ሆኗል። የቃሉን ጭራ ደግሞ ይውጡታል።

ይሄስ ይሁን። የሚያናድደኝ፣ ትንሽ ካመነታሁ ባልደረቦቼ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጡታል። ደግነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን እንዲህ ከሆነ መቼ ልለምድ ነው? አንዲት ዘጠናን ያለፉ እናት አሉ፣ እንግሊዝኛ አይሞክሩም። የግዴን የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው።

ባለቤቴ “ፈተናሽን እለፊ፣ ዘዬውን ተይው” ይላል። እሱ ከፖላንዶች ጋር ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው፣ ምን ቸገረው! እናንተስ ምን ትላላችሁ? ያለችኝን ትንሽ ጊዜ በምኑ ላይ ላውላት?

ጎመን_በጤና

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጎረቤትሽ ነኝ፣ ስታይንሸር። እኔም አረጋውያን ጋ ነው የምሠራው፣ ከርሜበታለሁ።

አፍሽንና ጆሮሽን ለያያቸው። አፍሽ ቡክሞል ይናገር፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል። የአገሬውን ዘዬ መማር ያለበት ጆሮሽ ነው። ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝ እንጂ “ተይው” የሚባል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ሚኒስትሩም ፕሮፌሰሩም ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ በትውልድ ሰፈሩ ዘዬ ነው የሚያወራው። እንደኛ “ባላገር” የሚለው የለም። ቢ2 በደረትሽ ለጥፈሽ ብትገቢም የሌሊቷ ተረኛ አነጋገሯን አትቀይርልሽም።

ደስ የሚለው ግን ዘዬው ሥርዓት አለው። መጠይቆቹን ተመልከቺ፤ “ቫ” (ምን) ያልሽው “ካ” ነው፣ “ቬም” (ማን) ደግሞ “ኬም”። መጀመሪያ ላይ ያለው “ቭ” ወደ “ክ” ዞረ ማለት ነው። “ለምን” ደግሞ “ኩፈር” ነው። ይቺን ከያዝሽ ግማሹ ጉም ይገፈፋል። ጠዋት ስትለባብሺ የኤንአርኮን (የመንግሥት ጣቢያውን) የትሮንደላግ፣ የኛን አካባቢ ሬዲዮ ክፈቺው፤ ባትከታተዪውም ይጩህ።

ርክክቡን በተመለከተ፣ ትንሽ ቀደም ብለሽ ግቢና የሌሊቱን ማስታወሻ ኮምፒውተሩ ላይ አንብቢ። የሚጻፈው በቡክሞል ነው። የማን ነገር እንደሚነሳ አውቀሽ ስትቀመጪ ጆሮሽ ይከፈታል። ስትወጪ የራስሽን ማስታወሻ ደግሞ ሰው እንዲጽፍልሽ አትፍቀጂ። የቢ2 ጽሑፍ ልምምድ ማለት እሱ ነው፣ ያውም እየተከፈለሽ።

እንግሊዝኛው ላይ፣ ሥራ መሃል አትለማመጪ፣ ሰው ጥድፊያ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ማትፓከዋን (ከቤት ቋጥራ ያመጣችውን ዳቦ) ስትፈታ አንዷን ያዢና “ኖርዌጂኛ ላይ እንቆይ፣ ካልገባኝ እነግርሻለሁ” በያት። አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ ይከተላሉ። መድኃኒትና የወደቀ ሰው ጉዳይ ላይ ግን ኩራት የለም። በእንግሊዝኛም ይሁን በጣት ቋንቋ፣ አረጋግጪ።

እናትየው ወርቅ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ያለውን ፎቶ እያሳየሽ ጠይቂያቸው። እዚህ “አንቱ” የለም፤ እኔ እስካሁን የሰማንያ ዓመት ሰው “ዱ” (አንተ፣ አንቺ) ስል ይቀፈኛል። ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው “ያ” ሲሉ ታመሙ ብለሽ እንዳትደነግጪ። የኛው “እ” ነው!

ፊዮርድ_ለፊዮርድ

ጎመን በጤና ያለው አብዛኛው ልክ ነው፣ አንዱ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ያለሁት በምዕራብ ኖርዌይ ሶግን ነው። እዚህ የኮሙኑ (የማዘጋጃ ቤቱ) ደብዳቤ የሚመጣው በኒኖሽክ፣ በሁለተኛው የኖርዌጂኛ የጽሑፍ ዓይነት ነው፣ ልጄም ትምህርት ቤት የሚጽፈው በሱ ነው። እኔ ቡክሞሌን ይዤ ስዞር ይሰሙኝና መልሱን በእንግሊዝኛ ያመጡታል። “ያይ”ን ትቼ “ኤግ” ማለት ከጀመርኩ ወዲህ እንግሊዝኛው ቀነሰ። የኛ ሰው ነች ይሉ ይሆን፣ እንጃ። እና እህት፣ ሁለት ሦስት ቃል አፍሽም ላይ ብታስገቢ ምን አለበት? “ኤ”ን ሞክሪያት።

ጎመን_በጤና

@ፊዮርድ፣ ለአፍ እሺ፣ ተረትቻለሁ። ወረቀት ላይ ግን ወዮ! ፈተናውን በቡክሞልም በኒኖሽክም መጻፍ ይቻላል፣ መቀላቀል ግን አያዋጣም። እሷ አንዴ በቡክሞል ጀምራለች፣ በዚያው ትጨርስ።

የግሮንላንዱ

ኦስሎ ነይ ልልሽ ነበር፣ ከዚያ የቤት ኪራዩ ትዝ አለኝና ተውኩት። እዚህ የመጽሐፍሽ ኖርዌጂኛ ይሠራል። ችግሩ፣ እኔ ሰፈር ቀኑን ሙሉ በአማርኛና በትግርኛ ስለምትውይ የምትሞክሪበት ሰው አታገኚም። እኔን ያወጣኝ ቢዮርቪካ ያለው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት የቋንቋ ካፌ ነው። ጡረተኞች ቁጭ ብለው ያወሩሻል፣ አይቸኩሉም። አንቺም ከተማ ቤተ መጻሕፍቱንና ቀይ መስቀልን ጠይቂ።

የጉለሌዋ_ነርስ

ሁላችሁም ተባረኩ። የምሳውን ነገር ሞከርኩት። ባልደረባዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “እኔ እኮ እንግሊዝኛዬን ላንቺ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ነው የምለማመደው!” ተሳሳቅን። አሁን ጠዋት በኖርዌጂኛ፣ ከሰዓት እሷ ከፈለገች በእንግሊዝኛ ብለን ተስማምተናል።

እናትየውን ስለ ፎቷቸው ጠየቅኳቸው። ከብት አርቢ ነበሩ። የላሞቻቸውን ስም በሙሉ ጠሩልኝ፤ አንዷ ዳግሩስ ትባል ነበር። ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ሳይሰለቹ ይደግሙልኛል።

@ፊዮርድ፣ “ኤ”ን ቤት ውስጥ ልለማመድ ብዬ ባለቤቴ ሳቀብኝ፣ ስለዚህ ለሥራ ቦታ አቆይቻታለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ለቢ2 ጽሑፌን ብቻ የሚያርምልኝ ሰው ከየት ይገኛል? በክፍያም ቢሆን።