ጨረር ከወሰደ በኋላ ኤምአርአይ ላይ ያበራው ነገር፦ ዕጢ ነው ወይስ በጨረር የሞተ ሥጋ?

ማራኪ፦
ጤና ይስጥልን። ጎንደር የምንከታተለው የግሊዮማ (የአንጎል ዕጢ) ታካሚ ጨረር ከጨረሰ ስምንት ወር ሆኖታል። አሁን ዕጢው በነበረበት ቦታ ዙሪያ ኮንትራስት (ለኤምአርአይ የሚወጋ ማድመቂያ) የሚይዝ ነገር ታይቷል። ለኒውክለር ምርመራ (ጨረራማ መድኃኒት ተወግቶ ለሚነሳ ምስል) ወደ አዲስ አበባ እንላከው? ምን ብለን እንዘዝ?

ቀሃ፦
ላኩት። ኮንትራስት የሚነግረን የደም ሥሩ ማፍሰሱን ነው፤ ዕጢም ሆነ በጨረር የሞተ ሥጋ እኩል ያበራሉ። ነገር ግን «ፔት ስካን» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ለፔት የሚወጋው የተለመደው መድኃኒት ኤፍዲጂ ጨረራማ ስኳር ነው፤ ጤነኛው አንጎልም ስኳር በብዛት ስለሚወስድ ዕጢው ከዙሪያው ላይለይ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ ኤፍኢቲን የመሰለ የአሚኖ አሲድ መድኃኒት ይሻላል፤ ጤነኛ አንጎል ብዙም አይወስደውም። ሜታዮኒንም ጥሩ ነበር፤ ግን ጨረራው በየ20 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ ሳይክሎትሮን (ጨረራማውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ማሽን) እዚያው ግቢ ካልኖረ አይሆንም። ኤፍኢቲ በግማሽ እስኪቀንስ 110 ደቂቃ አለው።

አዘዞ፦
ፔት ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ከመጻፋችሁ በፊት ጋማ ካሜራንም አስቡ። ቴክኒሺየም ሰስታሚቢ የሚባለው ጨረራማ መድኃኒት ከ15 እስከ 20 ሚሊኩሪ ተወግቶ በስፔክት (ካሜራው ዙሪያውን እየዞረ በሚያነሳው ምስል) ይነሳል። ጤነኛ አንጎል አይቀበለውም፣ ዕጢ ይይዘዋል። ከ1 ሴ.ሜ ያነሰ ነገር ግን ሊያመልጠው ይችላል። መድኃኒቱ መኖሩን ሳትደውሉ ታካሚውን መንገድ አታስጀምሩት።

ማራኪ፦
እናመሰግናለን። ቦታው የጎን ቬንትሪክሉን (አንጎል ውስጥ ያለውን ፈሳሽ የያዘ ክፍተት) ግድግዳ ይነካል።

አዘዞ፦
እንግዲያው ሰስታሚቢ ይቅርባችሁ። ቬንትሪክሉ ውስጥ ያለው ኮሮይድ ፕሌክሰስ (ፈሳሹን የሚያመነጨው ሥጋ) በተፈጥሮው ስለሚይዘው ዕጢ መስሎ ያሳስታል። ማሽኑ የሚችል ከሆነ መጀመሪያ የፐርፊውዥን (የደም ፍሰትን የሚለካ) ኤምአርአይ አስነሱ፤ የደም መጠኑ ከፍ ካለ ወደ ዕጢ፣ ዝቅ ካለ ወደ ሞተ ሥጋ ያደላል።

ቀሃ፦
ልክ ነው። የተገኘው ኤፍዲጂ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዝግጅቱን አጥብቁ። ከምርመራው በፊት ለ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ከውኃ በቀር ምንም አይቅመስ፤ ስኳር ያለው ቡናና ሻይም አይቻልም። የደም ስኳሩ ከ200 ሚ.ግ/ዴ.ሊ. ካለፈ ይተላለፍ። የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ቢሆንም እብጠቱ እንዳይመለስ ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ እንዳያቋርጥ። ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይረፍ፤ ካወራ ወይም ስልክ ካየ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ስኳሩን ይስባል። በቅርቡ የሚጥል ሕመም ተነስቶበት ከሆነ ጻፉት፣ እሱም ያበራል። ቲቢም እንደዚሁ፤ በእኛ አካባቢ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

የኤምአርአዩን ፊልም ሳይሆን ሙሉ ምስሉን በሲዲ፣ ጨረሩ ያለቀበትን ቀንና መጠን፣ የዴክሳሜታዞኑን መጠንም አስይዙት። የጨረሩ ቀን ከሌለ አንባቢው ሐኪም ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።