የተዘጋ የሕክምና ስህተት ክስ እንደገና ይከፈታል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ እዚሁ ሐዋሳ የልብስ ሱቅ ነበራት። አንድ የግል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ካደረገላት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ዳግም ተከፈተች፣ ለማሳከሚያ ስትበደር ስትከፍል ሱቁም ከሰረ። ሆስፒታሉን ፍርድ ቤት ከሳው ነበር። ክፍያ ሲቋረጥ ጠበቃው ተዋት፣ እሷም አልጋ ላይ ስለነበረች በቀጠሮው ቀን ሳትቀርብ ቀረች፣ መዝገቡ ተዘጋ። እንደ አዲስ መክሰስ ትችላለች? ለዳኝነት የምትከፍለው የላትም።

መልስ 1፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የትዕዛዙን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አውጪ። ሁሉም እሱ ላይ ነው ያለው። ሆስፒታሉም ካልቀረበ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 69 ነው የተዘጋው፣ አዲስ ክስ ይቻላል። ሆስፒታሉ ቀርቦ ክሱን ከካደ ግን በ73 ውድቅ ሆኗል ማለት ነው፣ ያኔ አዲስ ክስ የለም። በ74 መሠረት በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርባ ውሳኔው እንዲነሳ ትጠይቃለች። አልጋ ላይ የነበረችበትን የሐኪም ማስረጃ አያይዙ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ!

መልስ 2፦
ይርጋውንም (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደቡን) እዩ። ከውል ውጭ ኃላፊነት (ውል ሳይኖር ላደረሱት ጉዳት መጠየቅ) ከሆነ 2 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143)። ክሱ በሕክምና ውል ላይ ከተመሠረተ ግን የ1845ን 10 ዓመት ማንሳት ይቻላል።

መልስ 3፦
ስለ ዳኝነት አትጨነቂ፣ በደሃ ደንብ መክሰስ (አቅም የሌለው ዳኝነት ሳይከፍል መክሰስ) አለ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467። ያላትን ንብረት ዘርዝራ ታመለክታለች። የሕክምና ካርዷን ግልባጭና የብድር ውሎቹን ከአሁኑ ሰብስቢላት።